በመስኮት የተነገረ ቃል

ካሊሲ ኮምፒውተሩን አቅፋ አውጥታ በረንዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ወደ መኝታ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋች። ታናሽ ወንድሟ ፎላው አጥሩ ጋ ቆሞ እስክትገባ ይጠብቃል። በደሴታቸው ወግ የእህት ክፍል ለወንድም እሳት ነው፤ አጠገቧ ተጠግቶ መቀመጥም ነውር ነው።

ኮምፒውተሩ ጠዋት ስታበራው "ኪቦርድ የለም" ብሎ ድርቅ አለ። ኪቦርዱማ እዚያው ተሰክቷል! የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ ብትጽፍ ብትጽፍ አንድ ፊደል አይወጣም። የነርስ ትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ደግሞ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የጻፈችው ሁሉ፣ የምስክር ወረቀቶቿም ጭምር እዚያው ውስጥ ናቸው። አምና አምልጧታል። ዘንድሮም ካመለጣት የዕድሜ ገደቡ ያልፍባታል፤ በቃ፣ ነርስ መሆን ቀረ ማለት ነው።

ፎላው ከተማ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ገመዱን ከፊት ነቅሎ ከኋላ ሰካው፤ ወይ ፍንክች። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ በረንዳው በሚከፈተው የክፍሏ መስኮት በኩል ነገራት፦ ማሽኑ ሲነሳ ኪቦርዱን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሴቲንግ ጠፍቶ ይሆናል፤ እሱን ለማብራት ግን መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ማለፍ ግድ ነው። ለዚሁ ብሎ ያለ ሴቲንጉም የሚሠራ፣ ክብ መሰኪያ ያለው አሮጌ ኪቦርድ ይዞ መጥቷል።

ቃሉን ራሷ ልትጽፈው ፈለገች። ፎላው እንደ ወጉ እስከ ማንጎው ዛፍ ድረስ ራቀላት፤ ወጣች። መሰኪያው ግን ጠማማ ነው፤ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ስትጽፍ ይሾልካል። እሱ ሲመጣ እሷ ስትገባ፣ እሷ ስትወጣ እሱ ሲሸሽ፣ ድብብቆሽ የያዙ ይመስሉ ነበር። ጎረቤት ሳይስቅባቸው አልቀረም።

"እትዬ፣ የዚህን መሰኪያ አመል የማውቀው እኔ ነኝ" አለ ፎላው በመጨረሻ። "ቃሉን ንገሪኝና ልጨርሰው። ካልሆነም እማዬ ትምጣና ለሷ ትነግሪያታለሽ።"

እናታቸው ለቅሶ ቤት ናት፤ ሳይመሽ አትመለስም።

ካሊሲ ቃሉን እንዴት ትንገረው? ቃሉ የወዳጇ ስም ነው። በወንድም ፊት የወንድ ስም ማንሳት! ቴሌቪዥን ላይ መሳሳም ሲመጣ እንኳ ከሁለቱ አንዱ ተነስቶ ይወጣል። ምነው ያኔ የውሻዬን ስም ባደረግሁት ብላ ራሷን ረገመች። ሰዓቱን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል አልፏል።

"ሴሚሲ" አለች በመስኮቱ።

በረንዳው ላይ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ፎላው የሄደ መስሏት ደነገጠች።

"በትልቅ ፊደል ነው የሚጀምረው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሆነ መርከብ ስም ነው ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ እሱም ያመነ መስሎ ይተዋታል።

"አዎ፣ በትልቅ" አለችው። "የሰው ስም ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ታየዋለህ።"