የበሺር እህት

ሐሙስ ጠዋት ነው። ፀሐይነሽ ደሴ ፒያሳ ያለውን የጨርቅ ሱቋን ከፍታ ገና ጥቅሎቹን እያስተካከለች ሳለ አንድ ረጅም ሰው በሩን ዝቅ ብሎ ገባ። የሹፌር ጃኬት ለብሷል፤ ፊቱን ፀሐይ መትቶታል።

«እንዴት አደሩ እናቴ? ለሚዜዎች የሚሆን ሳቲን ፈልጌ ነበር፤ ለአምስት ሴት። የቀለሙን ስም ግን ረሳሁት።»

«ለሙሽራዋ ደውልላታ።»

«ሥራ ላይ ናት፤ አታነሳም። ፎቶ ልካልኛለች፤ ይኸው።»

ስልኩን አቀበላት። ፀሐይነሽ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ አየች። አንዲት ወጣት የኮክ ፍሬ የመሰለ ቀለም ያለው ቁራጭ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ፀሐይነሽ ጨርቁን አላየችውም። ያየችው ፊቷን ነው። ስልኩ ከእጇ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጇ ያዘችው።

«ይቺ ልጅ ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት።»

«እህትህ? ስምህ ማነው?»

«በሺር። በሺር ደጉ።» ግራ እንደገባት ሲገባው ፈገግ አለ። «የአባቴ ልጅ ናት። እናቶቻችን ይለያያሉ። እኔ የደጋን ከተማ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ከይሪያ ትባላለች። አባታችን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የእህቴን እናት፣ እማማ ሚርያምን፣ ከማግባቱ በፊት ነው እኔን የወለደው፤ ለሷም ሳይነግራት ኖረ። በኋላ ሕመም ሲጠናበት ‘ሳልሞት ተዋወቁ’ ብሎ አቢጌልን ወደ እኔ ላካት። እዚሁ ፊት ለፊት ነው የተዋወቅነው፤ እዚያ ሆቴል አልጋ ይዤ ነበር። ስምንት ዓመት አለፈው።»

በጣቱ በመንገዱ ማዶ ያለውን ሆቴል አሳያት። ፀሐይነሽ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

ያንን ሆቴል ደህና አድርጋ ታውቀዋለች። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከጦርነቱ በፊት መሆኑ ነው፣ በዚሁ የሱቋ በር ላይ ቆማ አቢጌልን ከአንድ ሰው ጋር ከግቢው ስትወጣ አየቻት። ሰውየው ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያባብላታል፤ እሷ ታለቅሳለች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደገና አየቻት። አቢጌል ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ እንደሷ የሚወደድ ድምፅ አልነበረም። ፀሐይነሽ ከአራት ዓመቷ ጀምራ በሰንበት ትምህርት ያስተማረቻት፣ ፀጉሯን የሠራችላት ልጅ ናት። ያየችውን ነገር በሆዷ መያዝ አቃታትና ምሳ ላይ ለባሏ ለገብሬ ነገረችው።

ገብሬ የሒሳብ መምህር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ያኔም ዛሬም የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው። ልጅቷን አስጠርቶ «ሰውየው ማነው?» ብሎ ጠየቃት። አቢጌል ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ ዝም አለች። በማግስቱ እሁድ ነበርና ገብሬ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ እህት አቢጌል ለአማኝ በማይገባ አካሄድ ምክንያት ከአገልግሎት መታገዷን ለጉባኤው ተናገረ። አቢጌልና እናቷ ሚርያም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተያይዘው ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልገቡም።

አሁን ያ ሰው ከፊቷ ቆሞ የሳቲን ቀለም ይመርጣል።

ፀሐይነሽ ደስታው ከእፍረቱ ተደባልቆባት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ንጹህ ናት፤ ልጄ ንጹህ ናት፤ ይህን ብቻ ነው ልቧ የሚደጋግመው። ወዲያው ደግሞ፣ እኔ ነኝ አፌን የከፈትኩት፣ ይላታል።

«አሁን የት ናት?» አለች።

«ኮምቦልቻ። ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ያውቋታል እንዴ?»

«አውቃታለሁ። አንተ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ጨርቁን እንደያዝኩ።»

«እንግዲያው እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

ሳቲኑን ለክታ፣ ቆርጣ፣ ጠቅልላ ሰጠችው። በሩን ስትዘጋ የጎረቤት ሱቅ ያላት ፋኢዛ ብቅ አለች።

«ምነው በጠዋቱ? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«የጠፋብኝ ሰው ተገኝቶ ነው» አለቻት ፀሐይነሽ፤ በሺር አይሱዙውን ወዳቆመበት እየሮጠች።

እስከ ሐረጎ ቁልቁለት ድረስ ስለ ሠርጉ አወሩ። ሙሽራው እዮብ ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ መምህር ነው። መኪናው ቁልቁለቱን ጀምሮ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ፀሐይነሽ ምራቋን ዋጠች።

«በሺር ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተንና አቢጌልን ያኔ ከሆቴሉ ስትወጡ አይቻችኋለሁ። ወንድሟ መሆንህን አላወቅኩም። ለባሌ ተናገርኩ። ባሌም በጉባኤ ፊት ከአገልግሎት አገዳት። ደሴን ለቀው የሄዱት በዚያ ነው።»

በሺር ፍሬን ያዘ። መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ፤ ወረደና ገደሉ አፋፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፀሐይነሽም በሩን ታግላ ከፍታ ወረደች። ሽቅብ የሚያቃስቱ የጭነት መኪናዎች ጡሩምባ እየነፉ በአጠገባቸው ያልፋሉ።

«ለሥራ ነው የሄድነው ብላኝ ነበር» አለ ሳይዞር። «ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልነገረችኝም። በእኔ የተነሳ ነዋ።»

«በእኔ ነው እንጂ በአንተማ አይደለም።»

«ወላሂ እናቴን ባይመስሉኝ እዚህ ጥዬዎት ነበር የምሄደው።»

«ብትጥለኝም በእግሬ እወርዳለሁ። ዛሬ ሳላያት አልመለስም።»

በሺር ዞረ። ባለ ተረከዝ ጫማዋን፣ ወፈር ያለ ሰውነቷን፣ ከታች እንደ እባብ የተጠቀለለውን መንገድ ተራ በተራ አየ። ሳይፈልግ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«መኪናው ላይ ይውጡ» አላት። «ግን ቤት ስንደርስ እኔ አልናገርልዎትም። እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚናገሩት።»

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሙቀቱ ተቀበላቸው፤ ፀሐይነሽ ሹራቧን አውልቃ ክንዷ ላይ ጣለች። በሩን የከፈተችው ሚርያም ናት። ፀጉሯ ሸብቷል። ፀሐይነሽን ስታይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«በሺር፣ ማንን ነው ያመጣህብኝ?»

ከውስጥ አቢጌል ነጭ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ብቅ አለች፤ ለምሳ መጥታ ነው። ፀሐይነሽ ከደሴ ጀምራ ስታሰናዳው የመጣችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ደጃፉ ላይ ተንበረከከች።

«ወንድምሽ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅኩት። አይቼ ያወራሁት እኔ ነኝ። አንቺን ልጠይቅሽ ይገባ ነበር፤ አልጠየቅኩሽም። ይቅር በይኝ፣ አቢዬ።»

አቢጌል ሮጣ በሁለት ክንዷ አነሳቻት። «እትዬ፣ ይነሱ። እባክዎ ይነሱ።» ተቃቅፈው ሁለቱም አለቀሱ። «እኔ ይቅር ካልኳችሁ ቆየሁ። በመጀመሪያው ዓመት መዝሙር ልጀምር ስል ያ እሁድ ትዝ ይለኝ ነበር። ጌታን ‘ይህን ነገር ከውስጤ አውጣልኝ’ ብዬ ለመንኩት፤ ቀስ በቀስ አወጣልኝ።»

«ለምን ግን ዝም አልሽ ልጄ? አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ?»

«አባዬ ራሱ ለእማዬ እስኪነግራት ለማንም እንዳልተነፍስ አደራ ብሎኝ ነበር። ለጋሽ ገብሬ ብናገር እማዬ ከሰው ልትሰማው ነው። በሦስተኛው ወር አባዬ ሞተ። ከዚያ በኋላ በመቃብሩ ላይ ስሙን ማንሳት አስጠላኝ።»

ሚርያም እስካሁን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ደጉ ሊሞት ሲል ነገረኝ» አለች። «ሃያ አምስት ዓመት ልጅ ደብቆኛል። ይቅር አልኩት። ይኸው ልጁንም ልጄ አደረግኩት፤ በዚህ ቤት ከእኔ እኩል ያዛል። ይቅርታ የሚከብደኝ ሰው አይደለሁም፣ ፀሐይ። የጠየቀኝ ሰው ነው የጠፋው። አሁንም አንቺ ጓዳዬ መጥተሽ ብታለቅሺ ያ ጉባኤ ምን ይሰማል? ልጄ የተዋረደችው በሰው ሁሉ ፊት ነው።»

«እውነትሽን ነው» አለች ፀሐይነሽ።

ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ደሴ ስትመለስ መንገዱ አላልቅ አላት። ገብሬ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ተቀምጧል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ስታወራ እጇም አብሯት ያወራል። ገብሬ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠይቄአት ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዝም አለች።»

«ዝምታዋን ማስረጃ አደረግነው፣ ገብሬ። የነገርኩህ እኔ አንዲቷ ነኝ፤ ሌላ ምስክር አልፈለግክም። ሚርያም በጓዳ የሚባል ይቅርታ አትፈልግም።»

ገብሬ መጽሐፉን ከደነ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ ወረቀት ላይ ቀይ መስመር ሲያሰምር የኖረ ሰው ነው፤ ተሳሳትኩ ማለት አልለመደበትም። ፀሐይነሽ ሊቆጣ ነው ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ኮቱን ከመንጠልጠያው አንስቶ ወጣ። መስኮት ላይ ቆማ መንገዱን ስትመለከት፣ ስትቀመጥ፣ ደግሞ ስትነሳ አንድ ሰዓት አለፈ። ሲመለስ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ፓስተር ማቲዎስ ጋ ነበርኩ። እሁድ ከስብከቱ በፊት ጊዜ ይሰጠኛል። ለሚርያም ደውይላትና ስጪኝ። የባሏን ምስጢር ሳላስፈቅዳት አልናገርም።»

ፀሐይነሽ ከመቸኮሏ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር መታች። ሚርያም ስልኩን አንስታ ገብሬን እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ተናገር» አለችው። «በሺር ከእንግዲህ አይደበቅም። መምጣታችንን ግን እናያለን።» ዘጋችው።

እሁድ ጠዋት የጦሳ ተራራ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ፀሐይነሽ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተተክላ የሚያልፈውን ባጃጅ ሁሉ ጎንበስ ብላ ታያለች። ውስጥ መዝሙር ተጀመረ፤ ሁለተኛው አለቀ፤ ሦስተኛው ገባ። ቀሩ ብላ ወደ ውስጥ ልትዞር ስትል አይሱዙው ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ልቧ ዘለለ። ሚርያም ወረደች፤ አቢጌልና እዮብ ተከተሏት። በሺር ከመሪው አልተነሳም።

«እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለ።

ፀሐይነሽ በሩን ከፍታ እጁን ያዘች። «ያለ አንተማ ምኑ ይነገራል? ና ውረድ።»

አራቱንም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሹክሹክታው ከፊት እስከ ኋላ እንደ ነፋስ ሄደ። ገብሬ መድረክ ላይ ወጣና ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ቆሜ እህት አቢጌል ደጉ መታገዷን ነግሬአችሁ ነበር። ያልኩት ሁሉ ሐሰት ነበር። ሆቴል ያገኘችው ሰው ወንድሟ በሺር ነው፤ አባቷ ሊያስተዋውቃቸው ብሎ ነው የላካት። ያው እዚያ ተቀምጧል። አባቷ በአደራ የሰጣትን ጠበቀች፤ እኔ ሳላጣራ ፈረድኩባት። ሽማግሌ ስለሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም። ከዛሬ ጀምሮ ከሽምግልና ወርጃለሁ። አቢጌል፣ ሚርያም፣ በሺር፣ በእግዚአብሔርና በዚህ ሕዝብ ፊት ይቅርታችሁን እለምናለሁ።»

ፀሐይነሽ እንድትናገር ማንም አላሰበም፤ እሷም አላሰበችም። ሳታውቀው ቆማ ተገኘች። «ወሬውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። «ብቻውን አትተዉት።»

ሚርያም ተነሳች። ቀስ ብላ ደረጃውን ወጥታ ከገብሬ እጅ ማይኩን ወሰደች።

«ጠየቅኸኝ፤ ይቅር ብያለሁ» አለች። «ልጆቼም ብለዋል። አሁን እንዲያው ቆመህ አታልቅስ። ልጄ ታገባለች፤ ያኔ ያወጅክ አንተ ነህና ይህንንም አንተው አውጅልኝ። ጉባኤው በሙሉ ተጠርቷል።»

ገብሬ ሊናገር ሞከረ፤ እንባ ቀደመው። ቀኑንና ቦታውን ተናግሮ ሳይጨርስ እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። ሴቶች ከየረድፉ እየወጡ ሚርያምን አቀፏት፤ በሺርን የማያውቁት ሽማግሌዎች ትከሻውን ይመቱታል፤ እሱም «አልሐምዱሊላህ» እያለ እንባውን ይጠርጋል። የመዘምራኑ መሪ አቢጌልን በእጇ ጠቀሰቻት። አቢጌል መጀመሪያ እንቢ አለች፤ ከዚያ ወጣች። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ድምፅዋ ተሰበረባት፤ ሳቀችና እንደገና ጀመረች። ፀሐይነሽ እጇን እስኪያማት ድረስ አጨበጨበች።

ለሠርጉ ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከደሴ ወረደ። ገብሬ ከኋላ ወንበር ከወጣቶቹ መካከል ተቀምጦ፣ ሐረጎን እየወረዱ ሲዘምሩ አብሮ ዘመረ። የኮምቦልቻው አዳራሽ በር ላይ ሲደርሱ በሺር አዲስ ሱፍ ለብሶ ከእህቱ ጎን ቆሞ ያልበዋል። አባቷን ተክቶ የሚያስገባት እሱ ነው።

«እትዬ ፀሐይነሽ» አላት ሹክ ብሎ፣ «በቀኝ ነው የምይዛት በግራ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለችው እየሳቀች፤ የአቢጌልን ቬሎ አስተካከለችላት። «ያዛትና ግባ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ክንዷን ያዘ። በሩ ተከፈተ፤ ተያይዘው ገቡ።