ሽማግሌዎቹን አንሳልኝ

ማንያህልሻል ጁባ ውስጥ ሰርግ ይቀርጻል፤ ቅንብሩን የሚሠራው አትላባራ ሰፈር ካለው ቤቱ ነው። አልጋው ሥር የተቀመጠው ሃርድ ዲስክ ጢም ባለ ቁጥር ጭፈራውን ያስቀምጣል፣ ንግግሩን ያጠፋል። የዲንካ ሽማግሌዎች አንዴ መናገር ከጀመሩ ጀምበር ካልጠለቀች አያቆሙም። ቋንቋቸውን አያውቅም፤ ለእሱ ዱላ የተደገፈ ሽማግሌ ነው፣ ቀጥሎም ሌላ ዱላ የተደገፈ ሽማግሌ። ሚስቱ ዝማሬ ከአዲስ አበባ በፍላሽ የሚላክላት ድራማ ቦታ ሲያጣ «ሽማግሌዎቹን አንሳልኝ» ትለዋለች። ያነሳላታል።

ቅዳሜ ጠዋት ማጆክ መጣ። ጋምቤላ የስደተኛ ካምፕ ያደገ፣ አምና ማንያህልሻል የቀረጸው ሙሽራ ነው። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም።

«ማንዬ፣ የሚስቴ አጎት ሰርጌ ላይ የተናገረውን አውጣልኝ።»

«ጭፈራው አለልህ፤ እንዴት ያለ ጭፈራ!»

«ጭፈራ ምን ያደርግልኛል? ድሮ ታላቅ ወንድሜ የሰውየውን ልጅ ገድሎበታል፣ በከብት ተጣልተው። ሰርጌ ላይ ተነሥቶ ‹ደሙ ደርቋል› አለ። አሁን አላልኩም ይላል። ነገ በዚሁ ጉዳይ ልንሰበሰብ ነው። ወንድሜ በቀል ፈርቶ ከቤት መውጣት ትቷል።»

«የሰማ ሰው የለም?»

«የእኛ ሰው ሰምቷል፣ የእነሱ ሰው አልሰማም። ያንተ ካሜራ ግን ዘመድ የለውም።»

ማንያህልሻል እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም» የሚል ነበር።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ ማጆክ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሻዩን ጨልጦ ሄደ።

ማንያህልሻል ነዳጅ ያልጎደለበትን ጄኔሬተር አስነሥቶ ዲስኩን በረበረ። ጭፈራ፣ ጭፈራ፣ ከዚያ የዝማሬ ድራማ።

«እኔ መቼ አጎቱን አልኩህ?» አለች ዝማሬ። «ሽማግሌዎቹን ነው ያልኩት።»

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቻርለስ መጣ፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የዚያው ካምፕ ልጅ። የቤተሰቡን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀ። ሻዩን ቀስ ብሎ ጠጣ።

«ብዙ ነገር ታስቀምጣለህ አሉ። ቤቱ አይጠብህም?»

«የአባትህን ንግግር ከሆነ፣ ድሮ አጥፍቼዋለሁ። ቦታ አጥቼ። እውነቴን ነው።»

ቻርለስ ፈገግ አለ። «ጎበዝ! ነገ በሰው ፊት ልክ እንደዚህ በል።» ፕላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ሃርድ ዲስክ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። «ሁለተኛ ቦታ እንዳታጣ» አለ እየወጣ።

«ኧረ ውሰድልኝ!» ማንያህልሻል ዲስኩን አንሥቶ ደጅ ድረስ ተከተለው። የቻርለስ ቦዳቦዳ ሞተር አቧራውን አልብሶት ሄደ።

አቧራው ሲገለጥ ማጆክ በሩ ላይ ቆሟል፣ ጀሪካን ይዞ።

«ነዳጅ አመጣሁልህ» አለ፤ ዓይኑን ከዲስኩ ሳይነቅል። ከጓሮ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል።