የአንድ ሰው ድንኳን

ወንድሜ ኢራጅ በመጀመሪያው ጥሪ ግብዣ ሲቀበል ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቤቱን አተራመሰው።

ሚስቱ ማሂን ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የምታወራው ስለ አንድ ነገር ነበር፦ ደቡብ ቱርክ ሄዳ፣ ባሕሩን ጥግ ጥጉን ይዞ በሚወጣና በሚወርደው መንገድ አንድ ወር በእግሯ መጓዝ። ብቻዋን። ቴህራን ውስጥ በየዓርቡ ተራራ የማይወጣ ሰው ስለሌለ የእግር ጉዞው ማንንም አልገረመም። የገረማቸው "ብቻዬን" ማለቷ ነው። አክስቶቻችን "ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?" ሲሏት "ከሁለት እግሮቼ ጋር" ትላለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሆስፒታል በሽተኛ፣ ቤት ደግሞ ልጆችና ኢራጅ ሲጠሯት የኖረች ሴት ናት። አንድ ቀን "እታለም፣ ለአንድ ወር ስሜን የሚጠራ ሰው እንዲጠፋ ነው የምፈልገው" አለችኝ። ገባኝ። ከእነሱ በታች ያለው ፎቅ ላይ ስለምኖር ስሟ ሲጠራ እኔም እሰማለሁ።

በእኛ አገር ሕግ ባል ካልፈቀደ ለሚስት ፓስፖርት የለም። ኢራጅ ሳያንገራግር ፈረመ፤ ዘመድ ተጠርቶም እራት ተበላ። ሁሉም አመሰገኑት። ምስጋናው ሞቅ ሲያደርገው "ብቻዋን መሆኗ ነው እንጂ የሚያሳዝነኝ" አለ።

ማሂን ያለችው ማንኛችንም የምንለውን ነው።

"ምነው አንተም ብትመጣ! ያላንተ ምን ይጥመኛል?"

እኛ ዘንድ ግብዣ ሦስቴ ይቀርባል። የመጀመሪያው ለወጉ፣ ሁለተኛው ለክብር ነው፤ ሦስተኛው ከመጣ የእውነት ነው። ታሮፍ እንለዋለን። ሕፃን ልጅ እንኳ ከረሜላ ሲሰጡት ሁለቴ እምቢ ማለት ያውቃል። ሽማግሌው ወንድሜ ግን "እሺ፣ እመጣለሁ" አለ።

ማሂን ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ ባዶ ሳህን አነሳችና ወደ ኩሽና ገባች። ተከተልኳት።

"ነገ ይረሳዋል" አልኳት።

"ወንድምሽን አታውቂውም እንዴ?"

አልረሳውም። በነጋታው የተራራ ጫማ ገዛ። ጫማው እንዲለዝብለት ብሎ ቤት ውስጥም አያወልቀውም ነበር። ሩዝ የሞላበት ቦርሳ አዝሎ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ የእኔ ጣሪያ መብራት ይወዛወዛል። እሷ ክብደት ለመቀነስ ብላ የጥርስ ብሩሿን እጀታ በመጋዝ ስትቆርጥ፣ እሱ ትራስ ይጨምራል፣ የቤት ጫማ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ድስት አመጣ።

"ኢራጅ፣ ድስት ተሸክመህ ተራራ ልትወጣ ነው?"

"ታዲያ አንድ ወር ሙሉ ደረቅ ዳቦ ልንበላ ነው? ሰው ነን እኮ!"

"ቱርኮች ሩዝ አይሠሩም ያለህ ማነው?"

"እሱም ሩዝ ሆኖ? ገንፎ በይው።"

ዓርብ ዓርብ ለልምምድ ከከተማው በላይ ወዳለው ዳረኬ ተራራ ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ ኢራጅ ከመጀመሪያው ሻይ ቤት አያልፍም ነበር። ከጊዜ በኋላ ቦርጩ ጎደለ፣ ፊቱ ፀሐይ መታው፣ ስለ ወፎች ማውራት ጀመረ። እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር። እሱ ባማረበት ቁጥር ማሂን አፏ ይበልጥ ተያዘ። እኔ የእሱ እህት ብሆንም ልቤ ከእሷ ጋር ነበር፤ ግን እንደ ሌላው ሁሉ ዝም አልኩ።

ድንኳኑን የገዛችው ከዚያ እራት በፊት ነው።

"በትልቅ ቀየርሽው?" ይላታል።

"እቀይረዋለሁ" ትለዋለች።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ጣሪያው ላይ ልብስ ሳሰጣ ኢራጅ ድንኳኑን ታቅፎ መጣ። "መትከሉን ልለማመድ፤ እዚያ ሄጄ ሳፍር አልገኝም" አለ። ከዘንጎቹ ጋር ሲታገል ቆይቶ ተከለው። ብርቱካናማ፣ ጠባብና ረዥም ነገር ነው። ጎንበስ ብሎ ገባና ተጋደመ። ጫማው ብቻ በበሩ በኩል ይታየኛል። ለረዥም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ማሂን ከገበያ ተመልሳ ስትፈልገው ወደ ጣሪያው ወጣች። ለመንገድ የገዛችውን ቱት የሚባል የደረቀ ፍሬና ዋልነት የያዘውን ፌስታል እንዳንጠለጠለች ቆመች።

"ይሄ የስንት ሰው ነው?" አላት ከውስጥ።

"ጠጋ ጠጋ ካልን ይበቃናል" አለች ቶሎ ብላ። "ሌሊቱም ይበርዳል፣ ደግሞ..."

"ማሂን። ያለ ታሮፍ።"

እኔን አየችኝ። ምን ልርዳት? ቀሚስ አራገፍኩ።

"የአንድ ሰው ነው፣ ኢራጅ" አለች።

ከድንኳኑ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ ፀጉሩ ተንጨባሮ ነበር። "እንዴት ነው የሚታጠፈው?" አለ። አሳየችው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተንበርክከው አየሩን በእጃቸው እየተጫኑ አጠፉት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልተነሳም። ድስቱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ጫማውን ግን አላወለቀም።

የምትሄድበት ቀን ጠዋት የሚወስዳት መኪና በር ላይ ቆሟል። ኢራጅ መንገደኛ በደህና እንዲመለስ ከኋላው የሚደፋውን ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ይዟል። ማሂን ቦርሳዋን ጫነችና ወደ እሱ ዞረች።

"ኢራጅ፣ አሁንም ቢሆን ና። ትኬት አይጠፋም።"

"አይ፣ አንቺ ሂጂ። አበቦቹን ማን ያጠጣል?"

"እታለም ታጠጣቸዋለች። ና በቃ።"

"ሂጂ፣ ይመሽብሻል" አለ፤ ገና ጠዋት ነበር።

ሁለቴ ሆነ። ሦስታችንም ቆጠርን። ማሂን አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ጉንጩን ስማው መኪናው ውስጥ ገባች። እሷ ስትሄድ ደስ አለኝ፤ እሱን ሳየው ግን አንጀቴን በላው። ውኃውን ከኋላዋ ደፋ፤ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ከውጭው በር ጀርባ የእሱ ቦርሳ ቆሟል። ተሸክፎና ታስሮ። ቀድሞኝ ደረጃውን ሲወጣ አነሳሁት፤ ቀላል ነበር። በጎን ኪሱ የጥርስ ብሩሹ ብቅ ብሏል። እጀታው ተቆርጧል።

"ምሳ እኔ ጋ ብላ" አልኩት ከታች።

"እሺ" አለ።