የፓርቲው ለቅሶ

ፓርቲ በአባልነት የተመዘገበበት እድር ቢፈለግ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ይገኛል። የፓርቲው ሰዎች አይደሉም የተመዘገቡት፤ ፓርቲው ራሱ ነው። የመምህር ላቀው ፓርቲ ስብሰባ በጠራ ቁጥር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር መከራየት ሲያቅተው፣ መምህር ላቀው አንድ ዘዴ ዘየዱ፤ ፓርቲውን በሙሉ ስሙ የሰፈሩ እድር አባል አደረጉት። እድሩም መዋጮውን እስከከፈለ ድረስ ማን ከማን ያንሳል ብሎ ተቀበለ። “የኢትዮጵያ ላብ አደሮችና ጭቁን ገበሬዎች አብዮታዊ ሶሻሊስት የትግል ኅብረት” ከአንዲት ጠጅ ነጋዴና ከአንድ ጋሪ ነጂ መሀል ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ አንድም ወር ሳያዛንፍ ከፍሏል፤ ከብዙ ሰው ይሻል ነበር።

አሁን ግን ስሙ ሊቀየር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ጽሕፈት ቤት “ሶሻሊስት የሚለው ወጣቱን ያስቀዋል፣ አብዮታዊ የሚለው ሽማግሌውን ያስደነግጠዋል” ሲል ደመደመና አዲስ ስም አወጣ፤ “የጋራ ማለዳ ፓርቲ”። የተጨበጠው ቡጢ ወርዶ በምትኩ ፈገግ ያለች ጀንበር ገባች። በደንቡ መሠረት ስም የሚቀየረው የቅርንጫፍ ሊቃነ መናብርት ሁሉ እጃቸውን ሲያወጡ ነው። ሁሉም አወጡ። የቀረው የፍኖተ ሰላሙ ሊቀ መንበር፣ የመምህር ላቀው እጅ ብቻ ነው።

ያን እጅ ለማስወጣት ፀደንያ የምትባል ወጣት ተላከች። አዲሱን ሰሌዳ ባጃጅ ላይ ጭና፣ የጀንበሯ ጥርስ በአንድ በኩል ወጥቶ፣ ከመምህር ላቀው በር ላይ ወረደች።

“ጋሼ፣ ሌላ ነገር አድርገው አይዩት፤ ብራንድ ብቻ ነው።”

መምህር ላቀው ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። “የሳሙና ማስታወቂያ ነው የሚመስለው። እኔ ሳሙና አልሸጥኩም ልጄዋ።”

“ስሙ እኮ ለመጥራት እንኳ ያስቸግራል።”

“ወንድሜ ግን ሞቶበታል” አሉና በሩን ገርበብ አደረጉት።

እውነታቸውን ነው። ታላቅ ወንድማቸው ወንዳወቅ በቀይ ሽብር ዘመን፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ቡሬ ገበያ ዳር ተገደለ። ኪሱ ሲፈተሽ የተገኘው የዚሁ ኅብረት ወረቀት ነበር። አስከሬኑ አልተሰጠም። ማልቀስም ክልክል ነበር፤ ከተለቀሰበት ቤት ሌላ ሰው ይጨመራል ተብሏል፣ እዚያ ቤት የቀረው ወንድ ልጅ ደግሞ ላቀው ነበር። አላለቀሱም። መቃብር የለው፣ ፍታት የለው፣ ፎቶግራፍ እንኳ የለው፤ ከወንዳወቅ የተረፈው ያ ረጅም ስም ብቻ ነው። ስሙ ከሰሌዳ ከወረደ ወንድማቸው የሞተበት ነገር የሌለ ያህል ሊሆን ነው። በዚህ የሚስቅ ይሳቅ፤ መምህር ላቀው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ጉዳይ ስቀው አያውቁም።

ፀደንያ የሽማግሌ እንቢታ ውሎ ሲያድር ይለዝባል ብላ፣ ቅዳሜ ለአዲሱ ስም ምረቃ የሚሆን ድንኳን ልታስፈቅድ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄደች። አቶ ሃይለ ሚካኤል ከመምህር ላቀው በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሕግን ከጠላ አብልጠው የሚወዱ ሰው ናቸው።

“ድንኳኑ በአዲሱ ስም ይሁንልን አባቴ። የድሮው ስም ከእንግዲህ የለም።”

“የለም ስትይ?”

“ቀርቷል። አብቅቷል።”

አቶ ሃይለ ሚካኤል ከዘራቸውን ተደግፈው አሰቡ። “በእኛ ደንብ ስም የሚሰረዘው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ አባሉ ሲሞት፣ ወይ እድሩን ከድቶ ሲሄድ። የትኛው ነው?”

“ኧረ አልከዳም!”

“እንግዲያው ነፍሱን ይማር” አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። “ጨዋ አባል ነበር።”

በማግስቱ ሲነጋ ጥሩምባ ተነፋ። ለፋፊው በየመንገዱ መገናኛ እየቆመ “የኢትዮጵያ ላብ አደሮችና ጭቁን ገበሬዎች” ይልና ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ቁና ቁና ተንፍሶ “አብዮታዊ ሶሻሊስት የትግል ኅብረት አርፏልና ለቅሶ ድረሱ!” ይላል። መምህር ላቀው ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ።

“ምን ጉድ ነው? እኔ እጄን አላወጣሁም! ስሙ አልሞተም!”

“ምነው ቀደም ብለህ ብትናገር” አሉ አቶ ሃይለ ሚካኤል። ድንኳኑ ተተክሎ አልቋል። “ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ የሚመለስ ሞት የለም። ቢኖርም በደንባችን አልሰፈረም።”

የዕለቱ ዕለት የጅጋ መንገድ በሰው ተሞላ። ገበሬው ማን እንደሞተ አልገባውም፤ ለቅሶ መሆኑ ግን ገብቶታል፣ ለቅሶ ደግሞ አይቀርም። በእግሩም በጋሪም መጣ፤ ፓርቲው በሕይወት ሳለ ስብሰባውን ያልረገጠ ሁሉ ሲሞት ደረሰለት። ንፍሮው ተቀቀለ። የፓርቲው አባላት እንደ ቤተ ዘመድ ተደርድረው ቢቀመጡም፣ “የሟች የቅርብ ዘመድ ማነው? ማንን ነው እግዜር ያጥናህ የምንል?” የሚለውን የለቀስተኛ ጥያቄ እርስ በርስ ይወራወሩት ጀመር። ጸሐፊው ወደ ገንዘብ ያዡ ይጠቁማል፣ ገንዘብ ያዡ ወደ ሊቀ መንበሩ። መምህር ላቀው ደግሞ “እኔ የማንም ሐዘንተኛ አይደለሁም” ብለው ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ከቡሬ በኩል የመጡ አንድ ቄስ ፀደንያ አጠገብ ተቀመጡ። “ታሞ ቆየ እንዴ?”

“ከተዳከመ ቆይቷል አባ።”

“ንስሐ ገብቶ ነበር?”

ፀደንያ አሰብ አደረገችና፣ “እየገባ ነበር” አለች። እሷም ዝም ብላ መቆም ነውር ቢሆንባት ከጎረቤት ነጠላ ተውሳ፣ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ለአለቆቿ ልትደውል ሞክራ ነበር፤ “ፓርቲያችን ለቅሶ ላይ ተቀምጧል” ብላ ጀምራ የምትቀጥለው ስለጠፋት ስልኩን ዘጋችው።

ሦስተኛው ቀን ላይ አልጣሽ ደረሰች። አልጣሽ አልቃሽ ናት፤ እሷ ያላስለቀሰችለት ሬሳ እንዳልተቀበረ ነው የሚቆጠረው። መሀል ገብታ ደረቷን መታች፣ “የኢትዮጵያ ላብ አደሮችና” ብላ ጀመረች፤ ቆመች። ከሌላ በኩል ሞከረች፤ “ሶሻሊስት” ላይ ስትደርስ ዜማው ተሰበረባት። ሕዝቡ እንባውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

“ይህ ምን ስም ነው?” ብላ ተቆጣች። “በዚህ ማልቀስ አይቻልም። የሚጠራ ስም ስጡኝ! የሟች ዘመድ የለም እንዴ እዚህ ቤት?”

ጸሐፊው ገንዘብ ያዡን አየ፣ ገንዘብ ያዡ መሬት መሬቱን። ያን ጊዜ ከጥግ በኩል ድምፅ ተሰማ።

“ወንዳወቅ በይው።”

መምህር ላቀው ነበሩ። ለምን እንደተናገሩ ራሳቸውም አላወቁም። ከአፋቸው የወጣው ስም ለራሳቸው ጆሮ እንግዳ ሆነባቸው፤ ጮክ ብለው ከጠሩት ስንት ዘመኑ!

“የት ነው የወደቀው?” አለች አልጣሽ፣ ዝግ ብላ።

“ቡሬ። ገበያው ዳር።”

“እናቱስ? ምን ብላ አለቀሰችው?”

መምህር ላቀው ፊታቸውን ወደ ሰው አዞሩ። “አላለቀሰችም። ስትፈጭ ዋለች። የወፍጮው ድምፅ እንዲሸፍናት ስትፈጭ ዋለች፣ ስትፈጭ አመሸች። እህሉ ሲያልቅባት ዱቄቱን መልሳ ፈጨችው። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እንዳይመጣ እጠብቅ ነበር።”

አቶ ሃይለ ሚካኤል ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ያን ወፍጮ ሰምተውታል፤ ጎረቤት ነበሩና። ሰምተው አልሄዱም ነበር። አልጣሽ ዓይኗን ጨፈነች፣

“ቡሬ ገበያ ላይ ወንዳወቅ ሲወድቅ፣
እናቱ ፈጨችው እንባዋን በድብቅ።
ያን ጊዜ ባናለቅስ ፈርተን ነው አንተዬ፣
ይኸው ደረስንልህ አርፍደን ጌታዬ።”

ድንኳኑ ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ በየልባቸው የደበቁት የራሳቸው ወንዳወቅ ነበራቸውና፣ እያንዳንዱ የራሱን ስም እየጠራ ወየው አለ። መምህር ላቀው ተነሥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ቢይዟቸው አልያዝ አሉ፣ እናታቸውንም ጨምረው አለቀሱ፣ እስኪወጣላቸው ድረስ አለቀሱ። ፀደንያም አለቀሰች፤ ማንን እንደምታለቅስ ጠይቆ ያወካት አልነበረም።

ወደ ማታው፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ የፓርቲው አባላት እዚያው ጥግ ላይ ተሰበሰቡ። ፀደንያ ድምፅ ስጡ ለማለት አፍራ ሰሌዳውን ጀንበሯ ወደ መሬት እንድትዞር አድርጋ ገልብጣ አስቀምጣው ነበር።

“ጋሼ፣ ይቅር” አለች። “እንዳልተስማሙ ለአለቆቼ እነግራቸዋለሁ።”

መምህር ላቀው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። እጃቸውን አወጡ። “የፈለጋችሁትን በሉት” አሉ። “ጀንበሯን ብቻ አፏን ዝጉላት።”

ከበስተኋላ ያሉት ገበሬዎች ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ማውጣታቸውን አይተው፣ ለሐዘን የሚደረግ ነገር መስሏቸው፣ እነሱም እጃቸውን አወጡ። ፓርቲው በታሪኩ እንዲህ ያለ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። ጸሐፊው ሊቆጥር ጀምሮ ተወው።

ሰው መሰነባበት ሲጀምር እኒያ የቡሬው ቄስ መጡ። ድንኳኑ እየተጠቀለለ ነው፤ ቄሱም የሚሰናበቱትን ዘመድ አጥተው ዞር ዞር አሉ።

“ለመሆኑ ለአርባው የት ነው የምንመጣው?” አሉ። “ከፓርቲው ቢሮ ነው ወይስ ከእድሩ ዘንድ?”

ጸሐፊው ገንዘብ ያዡን አየ።

“ከእኔ ቤት ነው አባ” አሉ መምህር ላቀው። “ሟቹ ወንድሜ ነው።”