ለጣሪያው መከታ

"ቀስ! ቀስ በሉ! አንገቱን ደግፉት!"

አራት የከባድ መኪና ሾፌሮች ባልደረባቸውን ጋሻውን ከማጠፊያው በተነቀለ በር ላይ አጋድመው ካርቲየ 6 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ጠባብ መንገድ ወደ ታክሲው ይሮጣሉ። ትሁን የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች በባዶ እግሯ ትከተላቸዋለች። ገና መንጋቱ ነበር፤ ግድግዳው ግን ከትናንት የተረፈውን ሙቀት ይተፋል። ጋሻው አይጮህም። ከንፈሩን ነክሶ "እግሬን... እግሬን..." ይላል ብቻ።

ጋሻው በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል የሚመላለስ ሾፌር ነው። ዶራሌ ወደብ ተራው እስኪደርስ ሲጠብቅ የሚያርፈው ሁልጊዜ ትሁን ዘንድ ነው። እሷ በኪራይ በያዘችው ቤት ታች ምግብ ትሸጣለች፣ ላይ ክፍሎች ታከራያለች። በሐምሌ መብራት ሲጠፋ እንግዶቿ ፍራሻቸውን ተሸክመው ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ ለዚያም ታስከፍላለች። ድሬዳዋ ነርስነት የምትማረው ልጇ ፀዳል የምትኖረው በዚሁ ገቢ ነው። ጣሪያው ዙሪያውን ክፍት ነበር። ጋሻው በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ ከነአንሶላው ወደቀ፤ የጎረቤቱ የፍየል በረት ቆርቆሮ ባይቀበለው ኖሮ አስከሬኑን ነበር የሚያነሱት።

ሆስፒታል ዳሌው መሰንጠቁን፣ እግሩም መሰበሩን ነገሯቸው። ነፍሱ ግን ተርፋለች።

ሲመለሱ ከተሸካሚዎቹ አንዱ የነበረው አለምሰገድ የሚባል ወጣት ሾፌር ሊያጽናናት ሞከረ። "አይዞሽ እትዬ ትሁን፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ጠርዝ ላይ ተኛ የሚል ሰው አለ? የእግዜር ሥራ ነው።"

"የእግዜር ሥራ ነው" አለች ትሁንም። ሻማ ልታበራለት፣ ጾም ልትጾምለት ለራሷ ቃል ገባች። ልቧ ትንሽ ቀለል አላት።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ አዳነ ለምሳ መጡ። ጎንደሬ በያጅ ናቸው፤ ቤተ እስራኤላዊ። ወንድሞቻቸው ሁሉ እስራኤል ሲገቡ እሳቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው ጅቡቲ ቀሩ። ትሁን ልጅ ሳለች ብረት ቀጥቃጭ በዓይኑ ሰው ይበላል ሲባል ሰምታ አድጋለች። መጀመሪያ የመጡ ቀን ሳህናቸውን ከሩቅ ገፋ አድርጋላቸው ነበር የሸሸችው። አሁን ካልመጡ ሰው ልካ ታስፈልጋቸዋለች።

"ምነው ጋሽ አዳነ? ወጡ አልጣመዎትም?"

"ጥሞኛል። ስለ ጋሻው እያሰብኩ ነው።" ጉርሻቸውን አላምጠው እስኪውጡ ጠበቁና "ልናገር?" አሉ።

"ይናገሩ እንጂ።"

"አባቴ ቤት ሲሠራ ከግድግዳው ይልቅ የሚያስጨንቀው ከፍታው ነበር። ኦሪት ያዛል፤ ቤት የሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ ያድርግ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን።"

ትሁን ማማሰያውን አስቀመጠች። "እኔ ገፋሁት?"

"አልገፋሽውም። ግን ስታስወጪው ጠርዙን ታውቂው ነበር።"

"እሱ የኦሪት ሕግ ነው ጋሽ አዳነ። እኛ በወንጌል ነን። ለእኛ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ነው የተባለው።"

ሽማግሌው ሳይቆጡ ፈገግ አሉ። "እሱንም አባቴ ያስተማረኝ ከዚያው ከኦሪት ነው።"

ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። በዚያው ቀን የማታ ጸሎት ሳይጀመር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ጋሽ አዳነ እንዳሉት "ባልንጀራህን ውደድ" የኦሪት ቃል እንደሆነ ቄስ ፀጋውን ጠየቀቻቸው።

"እውነቱን ነው" አሉ ቄሱ መስቀላቸውን እያሳለሟት። "ጌታ ከሙሴ ሕግ ጠቅሶ ነው ያስተማረው። ሥሩ እዚያ ነው፤ እኛ ጥላው ሥር ተቀምጠናል። ምን ገጥሞሽ ነው የጠየቅሽኝ?"

ስለ ጣሪያው ነገረቻቸው። "እኔም እኮ አንድ ሰሞን እዚያ ጣሪያ ላይ ተኝቻለሁ" አሉ ቄሱ። "ኮከቡን አይቼ አመሰገንኩ እንጂ ጠርዙን አላየሁትም። ሻማውን አብሪ ልጄ፣ ጥሩ ነው። መከታውንም ሥሪ።"

ፈቃድ ስትጠይቀው የቤቱ ባለቤት ጀላሉዲን ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ አዳመጣት። "ወላሂ፣ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ሰው ወድቆበት አያውቅም" አለ። ቀጥሎ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና እጁን አወዛወዘ። "ሥሪ። እኔ ግን ሳንቲም አላወጣም።"

ጋሽ አዳነ አርሂባ በሚባለው ሰፈር ከፈረሰ ግቢ ያረጀ ቱቦ ብረት ገዝተው አመጡ። ረቡዕ ጀመሩ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ጎን ደረት የሚደርስ መከታ ቆመለት፤ ጋሻው የወደቀበት ጎን ብቻ ቀረ። ያን ቀን መብራት ሲመጣና ሲሄድ ሥራው ተጓትቶ ነበር። ልክ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ መብራቱ ተመለሰ። ሾፌሮቹም ፍራሽ ይዘው ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ።

"እትዬ ትሁን፣ ክፍሉ እኮ ምድጃ ነው!" አለ አለምሰገድ። "መብራቱም ተመልሶ መጥፋቱ አይቀርም። ዛሬን ብቻ አውጪን። ከጠርዙ ርቀን እንተኛለን።"

ትሁን ጣሪያው ላይ ቆማ ጋሽ አዳነን አየች። የመበየጃ መነጽራቸውን አውልቀው ፀሐይዋን ያያሉ። ሰንበታቸው ሊገባ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቅዳሜ ብረት ሲነኩ አይታ አታውቅም።

"ልቀጥል" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው የሚተኛበት ከሆነ ልጨርሰው። ነፍስ ከሰንበት ትበልጣለች። እግዚአብሔር ያውቀዋል።" እንዲህ ይበሉ እንጂ መነጽሩን የያዘው እጃቸው አልተነሳም።

"እንዲያው ሰው ባይተኛበትስ?"

"ያኔማ እሑድ እጨርሰዋለሁ።" ትንሽ አሰቡና "ግን እሑድ ያንቺ ሰንበት ነው" አሉ።

"እርስዎ ይጀምሩ። እኔ ከቅዳሴ ስመለስ ብረቱን እይዝልዎታለሁ። አሁን ይሂዱ፣ ፀሐይዋ እንዳትቀድምዎት።"

ሽማግሌው ዕቃቸውን ሰብስበው ወረዱ። ትሁን የጣሪያውን በር ከኋላዋ ቆለፈችና ወደ ሾፌሮቹ ዞረች።

"ዛሬም ነገም ማንም ላይ አይወጣም።"

"እሺ የት እንተኛ?" አለ አለምሰገድ።

በቤቱ የባሕር ነፋስ የሚያገኘው ክፍል አንድ ብቻ ነበር፤ የእሷ መኝታ ቤት። ገብታ ሁለቱንም መስኮቶች ከፈተች፤ ነጠላዋንና ትራሷን ብቻ በብብቷ ይዛ ወጣች።

"ና፣ አልጋውን ከዚያ ጫፍ ያዝልኝ" አለችው አለምሰገድን። "ካወጣነው ብዙ ፍራሽ ይዘረጋላችኋል።"