የሰውዬው ሞት ሲጠበቅ

ሰው አገር ተቀምጦ የሰው ሞት መጠበቅም እንጀራ ሆነና፣ ዘጋቢዋ ከሆስፒታሉ በር ትይዩ ባለች ሻይ ቤት ተተክላ ከረመች። የአገሩ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ውስጥ ተኝተዋል። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፋ፣ በሐዘን ድምፅ ቀድታ ጨርሳለች፤ የቀረው የእሳቸው መሞት ብቻ ነው። ደመወዝ የላትም፣ የምታገኘው ዘገባዋ ሲተላለፍ ነው። የምትልክለት የአገር ቤቱ ሬዲዮ አዘጋጅ ግን «ይህን ሞት ከቀደምሽልን ቋሚ ትሆኛለሽ» ብሏታል።

አገር ቤት ደግሞ አባቷ ታሟል። «ድረሽ» ሲሏት «ሰውዬው ይሙትልኝና እመጣለሁ» አለች። አፏን ይዝጋው! ከተናገረች በኋላ እሷም ደንግጣለች። አባቷ ግን አልተቀየመም። የማታ ዜና ላይ ድምጿን ሳይሰማ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ስሟ ሲጠራ «ዝም በሉ፣ ልጄ ናት!» እያለ ቤቱን ጸጥ ያሰኛል። ለእሱ ስትልም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታክሲ ወረፋው፣ ያገኘችውን ሁሉ ትልካለች።

ጠዋት ወንድሟ ደወለ።

«አባባስ?»

«ደህና ነው፣ ተሽሎታል።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«አሁን ገና ሸለብ አደረገው። ትናንት ማታ እኮ ሰምቶሽ ነው የተኛው። 'ዛሬስ ድምጿ ጠርቷል' ብሎ ደስ አለው።»

ወደ ብርጭቆው የዘረጋችው እጅ እዚያው ቀረ። የትናንቱ ዘገባዋ አልተላለፈም። አዘጋጁ «ሰዓት ጠበበን» ብሎ ጥሎታል፤ አፍራ ለማንም አልተናገረችም። እቤት ሬዲዮ የከፈተ ሰው አልነበረም ማለት ነው። በዚያ ቤት ደግሞ አባቷ እያለ በዜና ሰዓት ሬዲዮ ተዘግቶ አያውቅም።

ስንቱን ሚኒስትር በጥያቄ ያፋጠጠች ሴት፣ ወንድሟን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ አቃታት።

«ጎሽ» አለች። «ሲነቃ ሳምልኝ።»

«እሺ፣ እህት ዓለም» አለ ድምፁ ተሰብሮ። ጉንፋን ነው ብሎ ዘጋ።

ወዲያው የሆስፒታሉ በር ተከፈተ። ሽማግሌው ፕሬዚዳንት በእግራቸው ወጥተው ለሕዝቡ እጃቸውን አውለበለቡ። አዘጋጁ እየጮኸ ደወለ፤ «ድነው ወጡ አሉ! በቀጥታ ግቢ፣ ደስ ደስ የሚል ድምፅ ይሁን!»

ገባች፤ ደስ ደስ አለች። ስትጨርስ «ያንን የሐዘኑን እንዳታጠፊው፣ አንድ ቀን መሥራቱ አይቀርም» አላት።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ቅጂውን ከፈተች። «ዛሬ ማለዳ አረፉ» አለ ድምጿ፣ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ። የአባቷን መርዶ ያረዳት የገዛ ድምጿ ነው፤ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ እዬዬዋን አቀለጠችው።