ክፍተት የሌለው ካርቶን

ልጅቷ መጋዘኑ ውስጥ በገባችበት የመጀመሪያ ቀን አፏን ባትከፍት ኖሮ ብዙ ነገር በቀረላት ነበር። ግን ከፈተች። ከኮሌጅ በቀጥታ መጥታ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ ጥቅል ከሚያራግፉት ሰዎች ፊት ቆመችና የአባቷን ስም ጠራች። «እዚህ ኃላፊ ነበር። የእሱ ቢሮ የትኛው ነው?»

ጥቅሎቹን ይዞ የሚጓዘው የጎማ መስመር እየተንጓጓ አልፏቸው ሄደ፤ የሚያነሳለት አጣ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ነቃ ያለችው ትልቅ ትንሹ እታለም የሚላት ደንዳና ሴት ነበረች። ጓንቷን አውልቃ የልጅቷን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አዎ፣ አለቃችን ነበር» አለች። «ነፍሱን ይማረው። እንኳን መጣሽልን።»

«እንዴት ያለ አለቃ!» አለ አጠገቧ የቆመው ጎልማሳ። ይሄኛው አፉ ስለማይዘጋ ፕላስተር የሚል ስም የወጣለት ነው። «ሲቆጣን እንኳ እኮ እንቅልፍ ነበር የሚያስወስደን።»

እታለም በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

ልጅቷ ወንበር ጠብቃ ነበር የመጣችው። የተሰጣት ቢጫ ሰደርያና ጓንት ነው። መጋዘኑ ከሰዓት በኋላ ለተማሪዎች የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሰጣል፤ እሷም ሁለተኛ ዓመቷን ሳታቋርጥ ቤቱን መደጎም ነበረባት፤ እናቷ ልብስ እየሰፋች የምታገኘው አባቷ የተወውን ጉድጓድ አልደፍን ብሏል። ስለዚህ ሰደርያውን አጠለቀች። ማታ እናቷ «ምን አሠሩሽ?» ስትላት ግን ምላሷ ቀድሟት ሄደ።

«ቢሮ ነው እማዬ። ወረቀት ነው የማገላብጠው።»

«የአባትሽን ወንበር ሰጡሽ?»

«ከጎኑ ያለውን።»

እናቷ መቀሷን አስቀምጣ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

እንደዚህ ሆኖ ቀጠለ። በመስመሩ ላይ «የአለቃ ልጅ» ይሏታል፤ እሷም ስሙ ይገባኛል ብላ ተቀመጠችበት። ቀለል ያሉት ጥቅሎች የሚደርሱበትን ጫፍ ሲለቁላት ለአባቷ ሹመት የተሰጠ ክብር መሰላት። ፕላስተር አንድ ካርቶን ወርወር አድርጎ ሲያስቀምጥ «አባቴ ቢኖር እንዲህ ስትጫወት ዝም ይልህ ነበር?» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ያ አፈኛ ሰውዬ ሊመልስላት ከንፈሩን አላቀቀና መልሶ ገጠመው። ካርቶኑን አነሳ፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ልጅቷ ያን ቀን ኮራ ብላ ነበር የዋለችው።

ትክክለኛው ኃላፊ ለሥልጠና ሄዶ ከርሞ ተመለሰና አዲሶቹን ተማሪዎች ሰበሰበ። ደግ ሰው ነው፤ ሊያጫውታቸው ፈልጎ፣ ከቤተሰቡ እዚህ የሠራ ሰው ያለው እንዳለ ጠየቀ። ልጅቷ እጇን አወጣች። አባቷ ኃላፊ እንደነበር ተናገረች።

«የት ነው ኃላፊ?» አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ። «ይሄ መጋዘን ከተከፈተ ጀምሮ ኃላፊው እኔ ነኝ እኮ።» ስሙን ስትነግረው ፊቱ በራ። «እ! እሱ! በር ሦስት ላይ አራጋፊ ነበር። በጣም ጎበዝ ሠራተኛ! አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም።»

ሰውየው ማመስገኑ ነበር። ከኋላ አንዱ ተማሪ ሳቁን ወደ ሳል ለወጠው። ልጅቷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነው፤ ካርቶን ሲጎተትበት የተወው ጭረት ብቻ ነው ያለበት። አባቷ የጎተታቸው ካርቶኖች ጭረት።

በመጀመሪያ የመጣባት ሳቁ አልነበረም። የቀብሩ ቀን ነው የመጣባት። ያን ቀን የአባቷን የሕይወት ታሪክ ያነበበችው እሷ ነች። «ብዙ ሠራተኞችን በሥሩ ይመራ የነበረ» ብላ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። ከሰው ሁሉ ኋላ ጃኬታቸውን ቆልፈው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። አጎቷ «የአባትሽ ሠራተኞች ናቸው» አላት። ሳጥኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ የመቃብሩን ዳገት ሲወጡ አንዴ እንኳ ሳይንገጫገጭ። ያኔ አጎቷ «እንዴት አድርገው ነው የያዙት!» ሲል ልጅቷ አለቃቸውን ስለሚወዱት ነው ብላ አስባ ነበር። እታለም እዚያ ነበረች። ፕላስተር እዚያ ነበረ። ስታነብ አንገታቸውን እየነቀነቁ ነበር የሰሙት።

እታለምን በእረፍት ሰዓት በር ሦስት ጥግ አገኘቻት።

«ለምን ዋሻችሁኝ?»

«እኛ አልዋሸንም። አደራ ነው ያለብን።» እታለም ሻይዋን ወደ ጎን አስቀመጠች። «መጋዘኑ ሊከፈት ሲል ሹመቱን ሊሰጡት ነው ተባለ፤ ደስታው ቀደመውና ቤት ነገረ። ሹመቱ ለሌላ ሆነ። ቤት የገባው ወሬ ግን ከዚያ ወዲያ አልወጣ አለ። ጃኬት ለብሶ ጫማውን አስጠርጎ ይመጣል፣ እዚህ ይቀይራል፣ ሲሄድ መልሶ ይለብሳል። ‹እባካችሁ፣ ከቤት ከተደወለ› አለን። እናትሽን ስንት ዓመት ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› እያልኩ ኖሬያለሁ! በእኔ አፍ እኮ አባትሽ ከስብሰባ ወጥቶ አያውቅም።»

ልጅቷ መሳቅ አቃታት።

«ታዲያ ሞተ ብለን አደራውን እንብላ?» አለች እታለም።

«ስናገራችሁ… ፕላስተርን ያን ቀን…»

«ተዪው፤ እሱ ዝም ማለት ለጤናው ጥሩ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቀና ብላ ሰው ማየት ተሳናት። በአባቷ አፈረች። በአባቷ በማፈሯ ደግሞ ሌላ እፍረት መጣ። ከሁለቱም የባሰው ግን ማታ ማታ እናቷ ፊት ተቀምጣ «ቢሮው ዛሬ ሥራ በዝቶ ነበር» ማለቷ ነው። አባቷ የተናገረው አንድ ቀን ደስ ብሎት ነው፤ እሷ ግን በየቀኑ እያወቀች ነው።

ይሄ ሳይበቃ ድርጅቱ ቤት ደወለ። የሟቹ ዕቃ ማስቀመጫ ለሌላ ሠራተኛ ስለሚፈለግ ንብረቱን ውሰዱ አለ።

«እኔ አመጣዋለሁ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ።

«የለም፣ ራሴ ነኝ የምመጣው» አለች እናቷ። «ወንበሩን ልየው። አንዴ ቁጭ ብዬበት ልመለስ።»

ልጅቷ ይህን ለእታለም ነገረቻት። የአባቷ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያለውን ታውቃለች፤ ጣቱ ጋ የተቀደደ ጫማ፣ ጓንት፣ ሰደርያ፣ የወገብ መደገፊያ። እናቷ ይህን ካየች ባሏን ሁለተኛ ልትቀብር ነው።

«ለኛ ተዪው» አለች እታለም። «አንቺ በሩ ላይ ተቀበያቸው። ሌላውን እኛ እናሽገዋለን።»

ኃላፊው ተለምኖ ቢሮውን ለቀቀ። «መኪና ልቆጣጠር ነው የሄድኩት፤ ምንም አላየሁም» ብሎ ወጣ። ልጅቷ ሰደርያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ለፈተና ቀን የምትለብሰውን ኮት ለብሳ እናቷን ከበሩ ተቀበለች። እናቷ ጥቁር ለብሳለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋለች። የጎማውን መስመር ስታልፍ ለሠራተኞቹ አንድ በአንድ እጅ ነሳች። እነሱም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት።

ቢሮው ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መደገፊያውን በመዳፏ ደባበሰችው።

«ሰፊ ነው» አለች። «ወገቡን ሲያመው የነበረው ታዲያ ከምንድነው?»

እታለም አንድ የታሸገ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የአለቃችን ንብረት ነው» አለች።

እዚህ ላይ ልጅቷ ያላየችው ነገር ነበረ፤ ካርቶኑ ሲታሸግ እሷ ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ነበረች። የሠራተኞቹ ሐሳብ አንድ ኩባያና ጥቂት እስክሪብቶ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ጥቅል ሲያሽጉ ነው የኖሩት። ውስጡ ክፍተት ያለው ካርቶን መኪና ላይ ሲደራረብበት ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ጎዶሎ ካርቶን ሲያዩ እጃቸው አያርፍም። ኩባያው ገባ፤ ጎኑ ባዶ ሆነ። ስቴፕለር ተጨመረ። አሁንም ተነቃነቀ። ካልኩሌተር መጣ። ፕላስተር የሠርጉን ክራባት ከቤቱ አምጥቶ ማዕዘኑ ላይ ወተፈው። አድራሻ እያነበቡ ጥቅሉን በየመኪናው የሚለዩት አዛውንት፣ ጋሼ አድራሻ የሚባሉት፣ የቀረችውን ቀዳዳ አይተው ኪሳቸውን ዳበሱና መነጽራቸውን ጨመሩ። «ኃላፊ ያለ መነጽር አይሆንም» አሉ። ካርቶኑ ተነቀነቀ፤ ድምፅ የለም። ተስማሙና አሸጉት።

እናትየው መክፈት አቃታት። ፕላስተር በምላጭ ቀደደላት። ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው። ክራባቱን አሸተተችው። ፊቷ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ መነጽሩ ጋ እስክትደርስ ድረስ። እሱን እጇ ላይ አስቀምጣ አገላበጠችው።

«መርፌዬ ላይ ክር የሚሰካልኝ እሱ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ጠዋት፣ ሳይነጋ፣ መስኮቱ ጋ ሄዶ። አንዴ ነው የሚያስገባው። ዓይኑ ንስር ነበር።»

ፕላስተር ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እናቷ በመስታወቱ በኩል ወደ መስመሩ ተመለከተች። እዚያ ጋሼ አድራሻ አንድ ጥቅል ይዘው ይታገላሉ። ክንዳቸው እስኪዘረጋ ያርቁታል፣ አፍንጫቸው እስኪነካ ያቀርቡታል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጠው ዝም ብለው አንዱ ክምር ላይ ያስቀምጡታል።

እናትየው ተነሳች። ከቢሮው ወጥታ፣ የጎማውን መስመር ዞራ፣ አጠገባቸው ደረሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ይመስለኛል» ብላ መነጽሩን ዘረጋችላቸው። «የሰው ዕቃ ወደማይሆን አገር እየሄደ ነው።»

ጋሼ አድራሻ ተቀበሉ። መነጽሩን አጠለቁና ሲያዩዋት ጊዜ መልሰው አወለቁት።

«እታለም የምትባዪው አንቺ ነሽ አይደል?» አለች እናትየው ወደ ኋላ ዞራ። «በድምፅሽ አውቄሻለሁ። አሁን የራሱን አምጪልኝ።»

እታለም አመጣችው። ጫማውን፣ ጓንቱን፣ ሰደርያውን፣ የወገብ መደገፊያውን። ጓንቱ የጣቶቹን ቅርፅ እንደያዘ ደርቋል። እናትየው እጇን አስገባችበት፤ ጨበጠችው።

«ታውቂ ነበር እማዬ?» አለች ልጅቷ።

«ምን አውቃለሁ? ክሩን ሲያስገባልኝ ጣቱ ላይ ይያዝ ነበር፤ ይህን የሚያህል ሻካራ ጣት የምን ስብሰባ ነው የሚሰጠው እያልኩ ለራሴ እላለሁ። አልጠየቅኩትም።» ጓንቱን አላወለቀችም። «እሱ ለመናገር ያፍራል፣ እኔ ለመጠየቅ አፍራለሁ። ቤታችን እንዲሁ አለቀ።» ከዚያ ቀና አለች። «አንቺስ የት ነው የምትሠሪው?»

ሁሉም ሰው ሌላ ሌላ ቦታ አየ። «ከጎኑ» የሚለው ቃል የልጅቷ ምላስ ላይ መጣ፤ የለመደችው ቃል ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። ሰደርያው ተጨማዶ ወጣ። ኮቷን ሳታወልቅ ልታጠልቀው ሞከረች፤ እጇ ክንድ ማስገቢያውን አጣ፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ነደደ። እናቷ ቀረበቻት። ኮቷን አወለቀችላት፣ ሰደርያውን ያዘችላት፣ አንደኛ ክፍል እያለች ዩኒፎርም እንደምታለብሳት አንዱን ክንድ ከዚያ ሌላውን አስገባችላት። ከፊት በኩል ስትቆልፍላት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«ኮቱን እኔ እይዘዋለሁ» አለች እናቷ። «ሂጂ፤ ሥራሽ ተከምሯል።»

ልጅቷ በር ሦስት ሄዳ ቆመች። መስመሩ ላይ ጥቅል ተቆልሏል። ቀለል ያለው ጫፍ እንደ ሁልጊዜው ክፍት ነበር፤ አልፋው ሄደችና ከፕላስተር አጠገብ ገባች። ይቅርታ ልትለው አስባ ነበር፤ አልወጣላትም፤ ያነሳውን ካርቶን በአንድ ጎን ያዘችለት።

ከኋላቸው እናትየው ካርቶኑን ክንዷ ላይ አድርጋ መስመሩን እየዞረች ነበር።

«ይሄ ኩባያ የማነው? ካልኩሌተሩስ?» ትላለች። «ኧረ ክራባቱን ማነው ያመጣው? ሽቶው እኮ አስነጠሰኝ!»

ፕላስተር ካርቶኑን እንደያዘ አንድ ጣቱን ብቻ ወደ ላይ አወጣ። ልጅቷ ግን አልዞረችም። ጥቅሉን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች።